ቤንዚን የሸተተች ሲንቄ

አሰላ፣ ማክሰኞ የካቲት 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት የቤንዚንና የዘይት ሒሳብ ልይዝበት ነበር። ሒሳብ ግን አያጫውትም። ስለዚህ ወሬዬን እጽፍበታለሁ፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ድረስ ያስተማረኝ ለዚህም ይሁን።

ዛሬ ጋሽ ኢታና ከአርቦዬ መጡ። የሟቹ ባለቤቴ የዲሪባ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዲሪባ የተወልኝን ላንድሮቨር ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና፣

«ይሄ መኪና ቆሞ ዶሮ ይፈለፈልበታል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮዬ ታቅፋለች። እኔ ግን ጥርሴን ነከስኩ፤ ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

«ስሚኝ ዋጋዬ» አሉ። «ሴት ብቻዋን ቤትና መኪና ይዛ እንዴት ትዘልቀዋለች? እስከ ፋሲካ ልጠብቅሽ። እስከዚያ መኪናው የታወቀ ሥራ ካገኘ እሰየው። ካላገኘ መኪናውም አንቺም አርቦዬ ትመጣላችሁ። እሱ እህል ይጭናል፤ አንቺም ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ። ቤቱ ሰፊ ነው።»

ደግ ሰው ናቸው፣ ክፋት የላቸውም። ግን አርቦዬ ከሄድኩ የእሳቸውን ባለቤት «ዛሬ ምን ይሠራ?» እያልኩ ስጠይቅ ልኖር ነው። እኔ! በራሴ ጓዳ አዛዥም ታዛዥም የነበርኩት!

«ሥራማ አግኝቷል እኮ!» አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ።

አግኝቷል ማለት፣ ሊያገኝ ነው። መምህር ግዛቸው የሚባል መነጽራም ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። እሱና ጓደኞቹ፣ ፈረንጅም አለባቸው፣ በገመድ እየተንጠለጠሉ ገደል ይወጣሉ። ፍየል ጠፍቶባቸው አይደለም፣ ማር ሊቆርጡም አይደለም። ዝም ብሎ መውጣት ነው፤ ከዚያ ይወርዳሉ። ካካ ተራራ ሥር፣ ከበቆጂ ወዲህ፣ የፍየል ድንጋይ የሚሉትን ገደል አይተው አብደዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ እዚያ ለመድረስ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና የግድ ያስፈልጋል ወይስ በቅሎ ይበቃል? ሁለቱንም ይሞክሩና ከፋሲካ በፊት ይቆርጣሉ። የመረጡትን በየወሩ ይከራያሉ።

በቅሎ ባዩ ማን እንደሆነ አልጽፍም።

እሺ፣ ጉርሙ ነው። በቅሎ አከራዩ፣ ጸሎት ቤት ከኋላዬ ተቀምጦ በዚያ ወፍራም ድምፁ መዝሙሩን የሚያበላሽብኝ። ሚስቱ ካረፈች ቆየ። ይህ ምን አገባኝ? እንዲያው ጻፍኩት።

ሐሙስ የካቲት 11

ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ወደ ቅርጫት አዛወርኳት። ተቆጣች። መኪናውን አጠብኩ።

ጠይባ ጎረቤቴ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ በአጥሩ አንገቷን አስግጋ ቤንዚን ስለካ አየችኝ። የቤንዚኑ ሆድ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን አንስቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ዱላ ሰድጄ እርጥቡ የት እንደደረሰ አያለሁ፤ የቤንዚን ማሳያ ሰዓቱ ከተበላሸ ቆይቷል።

«ያ አላህ! ዋጋዬ! ይቺ ሲንቄሽ አይደለችም?»

«ናት።»

«እናትሽ ለሰርግሽ የሰጡሽ?»

«ቀጥ ያለች ናት፣ ረጅም ናት፤ ልክ ትደርሳለች።»

ጠይባ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እኔም ትንሽ አፈርኩ። ያገባች የአርሲ ሴት ሁሉ የምትይዛት ቀጭን ዱላ ናት። ሴቶች ሲንቄ ይዘው ሲወጡ ወንድ ጦሩን ይጥላል፤ በመሐላቸው ጥሶ የሚያልፍ የለም። እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ የጸሎት ቤት እናቶች «የድሮ ነገር ነው፣ ተዪው» ስላሉኝ ከበር ኋላ አቆምኳት። ቆማ ከምትቀር ብዬ ነው።

«እናትሽ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

«እናቴ ላንድሮቨር አልነበራትም።»

ጠይባ እንዲህ ስትስቅ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ቅዳሜ የካቲት 13

ሌሊት ተነሳን። የቀጠርኩት ሾፌር ወልደጻድቅ አዲስ ኮፍያ አድርጓል። ዳቦ፣ በሶ፣ ሻይ በቴርሞስ። ግዛቸውና ፈረንጇ ጓደኛው ሚስ ካሪን ገመዳቸውን ይዘው መጡ። ሚስ ካሪን ቁመቷ እንደ ባሕር ዛፍ ነው። ምግብ ለመሥራት እኔም እሄዳለሁ። ለምግቡ ብቻ ነው። ልቤ እንዴት ይመታል! ሞተሩ ተነሳ

እሁድ የካቲት 14

ትናንት ምን እንደሆነ ልጻፍ። ሳልስቅ ከቻልኩ።

እስከ ሳጉሬ እንደ ንጉሥ ሄድን። ከዚያ ወዲያም ከጥርጊያው ወጥተን ወደ ተራራው እስክንታጠፍ ደህና ነበርን። የበልግ ዝናብ አርብ ጥሏል። ከአንዲት ወንዝ ማዶ ያለው ዳገት ጥቁር አፈር ነው፤ ሊጥ ሆኗል። ወልደጻድቅ አየት አደረገውና፣

«እትዬ፣ ይሄ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው» አለ።

ጭቃው ግን አልሰማም። ሾፌሩ ቢጫዋን እጀታ ተጫነ፣ ቀይዋን ሳበ፣ አራቱም ጎማ ዞረ፤ መኪናው ወደ ፊት በመሄድ ፋንታ ወደ ታች ሄደ። ኮፍያው ሳይቀር ጭቃ ሆነ። ግዛቸው ገፋ፣ ካሪን ገፋች፣ እኔ ገፋሁ። ግዛቸው መነጽሩን ጠፋብኝ ብሎ ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር።

ይሄኔ ከዳገቱ ራስ «እንዴት ዋላችሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ያ ወፍራም ድምፅ። ጉርሙ! ሁለት በቅሎ እየሳበ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» አልኩት።

«እንዲያው ሳልፍ ነው፣ ወይዘሮ ዋጋዬ።»

እንዲያው ሳልፍ! ከአሰላ እስከዚያ በበቅሎ ለመድረስ ከአርብ ማለዳ ጀምሮ መንገድ ላይ መሆን አለበት። ስንወድቅ ለማየት ይህን ያህል መጓጓት! ክፉ ሰው!

ሚስ ካሪን የገደል ገመዷን አወጣች፤ ጉርሙ ዳማ በምትባለው ቀይ በቅሎና በሌላዋ አንገት አሰረው። «ጃባዱ፣ ዳማ! ጃባዱ!» ብሎ በኦሮምኛ ሲያበረታታት በቅሎዋ ወገቧን ሰበር አድርጋ ሳበች፣ መኪናው ቅቤ እንደሚወጣበት ቅል እየተናጠ ወጣ። ሁሉም አጨበጨቡ። ጉርሙ ላቡን ጠረገና ግዛቸውን ጠየቀው፦

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አሁን እናንተን ያወጣችሁ መኪናው ነው ወይስ በቅሎዬ?»

ካሪን እንኳ ገባት፤ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ፊቴን ወደ ሞተሩ አዙሬ ጥቂት ቆየሁ።

ድንጋዩ ሥር የደረስነው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ተመለስን። አሰላ ስንደርስ ወልደጻድቅ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «እኔ የአስፋልት ሾፌር ነኝ» ብሎ ሄደ። ፋሲካ እየመጣ፣ ሾፌር የለኝም። አርቦዬ፣ አርቦዬ ይለኛል ጆሮዬ።

ሐሙስ የካቲት 18

ሾፌር አልተገኘም። አንዱ «ከሴት ጋር አልሠራም»፣ አንዱ «ከተራራ ጋር አልሠራም» አለ።

ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፍ። መንዳት እችላለሁ። ዲሪባ አጨዳ ካለቀ በኋላ በገለባው ማሳ ላይ አስተምሮኝ ነበር። መንጃ ፈቃድም አለኝ፤ ፎቶዬ ላይ እንደ ሌባ አፍጥጬአለሁ። ዲሪባ ሲያስተምረኝ አይቆጣም ነበር፤ ብቻ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።

ሰኞ የካቲት 22

ሆ! ሆ! ሆ! የጉርሙ ተራ ነበር፤ በበቅሎ ሄዱ። ቅዳሜ በአውቶቡስ እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ በበቅሎ። ጓዙ ብዙ፣ መንገዱ ረጅም፤ ድንጋዩ ሥር ሲደርሱ ጀንበር ጠለቀች። አድረው፣ ጠዋት አንዴ ተንጠልጥለው፣ ሰኞ ሥራ አለና ወረዱ። ዛሬ ሚስ ካሪን ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ እንደ ዳክዬ ነበር የምትራመድ። ግዛቸው ቆሞ ቁርስ በላ። መቀመጥ አልፈለገም።

እየሳቅሁ ወጥቼ ጉርሙን አየሁት። በቅሎዎቹን ያሻሻል፣ ትከሻው ወርዷል። ሳቄ ቀረ።

ጭኮ ሠራሁ፤ የገብሱን ዱቄት ቆልቼ፣ ቅቤውን አብዝቼ ላክሁለት። ለበቅሎዎቹ ድካም ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። በቅሎ ጭኮ እንደማትበላ አውቃለሁ።

ረቡዕ መጋቢት 1

ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ሆኜ ከከረጢቱ ማዶ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ያቺ የዲሪባ ሚስት ፊቷ በራ እኮ።»

«መኪናዋ ሥራ ሊያገኝ ነው አሉ።»

«መኪና ነው የሚያበራው?»

ሣቁ። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም።

እሁድ ዕለት መዝሙር ላይ ሳቅ አመለጠኝ። ጉርሙ ከኋላ ሆኖ «ጽኑ መጠጊያዬ» የሚለውን እንደ በቅሎ ጥሪ ስቦት ነው። ሽማግሌው አዩኝ። ዕድሜዬን አላውቅም እንዴ? ራሴን ወቅሻለሁ። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ሳቅሁ።

እሁድ መጋቢት 5

ነዳሁ! እኔ ነዳሁ!

ግዛቸው ትናንት መሪው ላይ ሲያየኝ፣ «እትዬ ዋጋዬ፣ ሾፌሩስ?» አለ።

«ግባ፣ ቁጭ በል፣ ዓይንህን ጨፍን» አልኩት።

አሰላ ገበያ መሐል ሳልፍ ጠይባ ከሱቋ ወጥታ እልል አለች። አንድ ሽማግሌ አህያቸውን ትተው ቆሙ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናው ዘለለ፣ ሚስ ካሪን ጣራውን በራሷ መታች፤ ቁመት ጉዳት አለው። ዳገቱ ላይ ቀይዋን እጀታ ስስብ ሞተሩ እንደ ኮርማ አጓራ፣ እኔም አብሬው ጮህኩ መሰለኝ።

ያ ጭቃ ግን እንደነበረ ነው። ከጎኑ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ሣሩ ጉልበት የሚደርስ፣ የእሾህ አጥር አለው። ትንሽ አመነታሁ። የማን እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ቆሜ ብጠብቅ ግን ይመጣ ነበር። ሚስ ካሪን ወርዳ እሾሁን ገለል አደረገችው፣ ስናልፍ መለሰችው። ሣሩ ከምንጣፍ ይለሰልሳል። ድንጋዩ ሥር ገና በማለዳ ደረስን! ቀኑን ሙሉ ተንጠለጠሉ። ከታች ሆኜ «ውረዱ ልጆቼ፣ ምሳ ቀዘቀዘ» እያልኩ ስጣራ ዋልኩ።

ግዛቸው ሲመለስ፣ «እትዬ፣ መኪና የግድ ነው፣ አለቀ» አለኝ። አለቀ! አርቦዬ ደህና ሰንብቺ!

ጉርሙን ጸሎት ቤት በር ላይ ነገርኩት። «ሰማሁ» አለ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለ። እንዲህ ባይለኝ ይሻል ነበር። ደስታዬን ቀነሰው።

ረቡዕ መጋቢት 8

ጉርሙ በሬን አንኳኳ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። አልሳቀም።

«ዋጋዬ፣ ቅዳሜ በሣሩ ላይ ነዳሽ?»

«ነዳሁ።»

«ካሎ ነው።»

ተቀመጥኩ። ካሎ ምን እንደሆነ ባይነግረኝም አውቃለሁ። ሴቶቹ ለጥጆችና ለወለደች ላም አጥረው የሚያቆዩት ሣር ነው፤ ሰው እግሩን አያስገባበትም። እኔ ደግሞ አራት ጎማ አስገባሁበት፤ መሬቱም እርጥብ ነበር። የጎማው ፈር ጉልበት ይደርሳል አለ፣ ውሃ ተኝቶበታል። አንዷ ጥጃ ገብታበት እግሯ ተሰብሯል።

«ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው ወጥተዋል» አለ። «ከካሎው ወዲህ ባለው ኮሶ ዛፍ ሥር መንገዱን ይዘዋል። መኪና አያልፍም። በቅሎም አያልፍም። ገመድ የያዘ ሰውም አያልፍም።»

«ያንተም በቅሎ?»

«የእኔም።»

ግዛቸው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። መንገድ ከሌለ ተራራ የለም፣ ተራራ ከሌለ ሥራ የለም፣ ከዚያ ፋሲካ ነው። ግን የነደደኝ ይህ አልነበረም። የዚያች ጥጃ እግር ነው። አጥሩን አይቼ ነበር እኮ!

ጉርሙ «እንዲህ ነው መኪና!» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። «ወንድ እዚያ ሄዶ የሚለምነው ነገር የለም። ሲንቄ ያላት ሴት ናት የምትለምን። ዳማን አምጥቼ መታጠፊያው ላይ እጠብቅሻለሁ» አለ፤ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ሲንቄ ያላት ሴት።

የእኔ ሲንቄ!

ሐሙስ መጋቢት 9

በሳሙና አጠብኳት። ትሸታለች። በሎሚ። ትሸታለች። አመድ አሸሁባት። ሲንቄ ቅቤ ትቀባለችና በመጨረሻ ቅቤ ቀባኋት።

ጠይባ አሸተተቻት። «አሁንማ የተጠበሰ ላንድሮቨር ትሸታለች» አለች።

ስቀን ስቀን አለቀስን። እኔ ጥቂት የምሬን አለቀስኩ።

እሁድ መጋቢት 12

ተመልሻለሁ። ዳክዬ ሆኛለሁ። ሚስ ካሪንን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አርብ በአውቶቡስ እስከ መታጠፊያው ሄድኩ፤ ጉርሙ በቅሎዎቹን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ዳማ ላይ አወጣኝ፣ እሱ ልጓሟን ይዞ ከፊት ይሄዳል። ዝናቡ አባርቷል። ዳገቱን ጥቂት እንደወጣን፣

«መኪናሽ ውስጥ ስትሆኚ ምን ይታይሻል?» አለኝ።

«መንገድ።»

«አሁንስ?»

ዙሪያዬን አየሁ። ገብሱ በቅሏል፤ ወደ አሰላ በኩል የጭላሎ ራስ ከደመናው ወጥቷል፤ አንዲት ወፍ የማላውቀውን ትዘፍናለች። «ሁሉም» አልኩ። እንዳይኮራብኝ ደግሞ «ያንተ ማጅራትም» ብዬ ጨመርኩ።

ማጅራቱ ቀላ። ፀሐይ ነው።

ኮሶው ዛፍ ልንደርስ ስንል ሴቶቹ ታዩን፤ መንገዱ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሲንቄያቸው በፊታቸው ቆሟል። ጉርሙ እዚያው ቆመ፤ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረ። እኔ ወረድኩ፣ ይቅርታ ለማኝ የሚይዘውን ለምለም ሣር ከመንገዱ ዳር ነጨሁ። በአንድ እጄ ሣሩን፣ በአንድ እጄ ሲንቄዬን ይዤ ሄድኩ። በኦሮምኛ ነው የተነጋገርነው፤ እዚህ በአማርኛ ልጻፈው።

ትልቋ እናት አዴ ሀሊሜ ይባላሉ፤ አዴ እናቴ እንደ ማለት ነው። ፀጉራቸው የነጣ፣ ዓይናቸው የማይጨፈን።

«አንቺ ነሽ ካሏችን ላይ ብረት የነዳሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አዴ።»

«ወንድ መስሎን ነበር!» አለች አንዷ ከኋላ። «እኔ የሰደብኩት ሁሉ የወንድ ስድብ ነው።»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ አዴ ሀሊሜ። «አጥሩን አላየሽም?»

«አየሁት። እጄ መሪው ላይ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታ አላስቆመኝም። አጥፍቻለሁ፤ ሣር ይዤ መጥቻለሁ።»

አዴ ሀሊሜ እጃቸውን ዘረጉ። «ሲንቄሽን።»

ሰጠኋቸው። ከላይ እስከ ታች ዳሰሷት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። አራቋት። ደግመው አስጠጓት።

«ይሄ ምን ይሸታል?»

መዋሸት ይቻላል? በሲንቄ ፊት?

«ቤንዚን ነው አዴ። የመኪናውን ሆድ እለካባታለሁ።»

አሁን ይረግሙኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሲጠግብ የት ይደርሳል?» አሉ።

ዓይኔን ገለጥኩ። በጣቴ አሳየኋቸው። «እዚህ ድረስ።»

«ሲርበውስ?»

«እዚህ።»

አዴ ሀሊሜ ሲንቄዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጉንጫቸው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው ሳቁ። ይሄኔ ሁሉም ፈረሱ! አንዷ ሣሩ ላይ ተገለበጠች። «እኛ በሲንቄ ወንድ እናስቆማለን፣ ይቺ መኪና ታበላበታለች!» አለች ያቺ ተሳዳቢዋ። እኔም ስቄ እንባዬ ወረደ፣ ሣሩ ከእጄ አልወደቀም ግን።

ሲበቃቸው አዴ ሀሊሜ ቀና ብለው ተቀመጡና ፈረዱ። መኪናው ከኮሶው ዛፍ አንድ እርምጃ አያልፍም። ካሎው እስኪያገግም ለጥጆቹ ጭድ ጭኜ አመጣለሁ፤ እግሯ ለተሰበረው መጀመሪያ። ምጥ የጠናባት ሴት ካለች፣ ዝናብም ቢሆን ሌሊትም ቢሆን፣ መጥቼ አሰላ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ።

«ገደል ላይ የሚንጠለጠሉትስ?» አልኩ።

«ከዛፉ ወዲያ በበቅሎ ይሂዱ። በቅሎ ዳር ዳሩን ታውቃለች። ይንጠልጠሉ፤ እኛም እናያቸዋለን።» ከዚያ ሲንቄዬን መለሱልኝ። «ይቺን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከብረት ሆድ አውጫት።»

ማልኩ።

ጉርሙ «ምን አሉ?» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«እስከ ኮሶው የእኔ መኪና። ከኮሶው ወዲያ ያንተ በቅሎ።»

አሰበበት። «እንግዲህ ሁለታችንም ተሸነፍን» አለ።

«ሁለታችንም» አልኩ።

የተሸነፈ ሰው እስከ መታጠፊያው እያፏጨ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

እሁድ መጋቢት 19

ግዛቸውና ሚስ ካሪን ትናንት መጡ። ነገርኳቸው። ካሪን ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ዳማን በጥርጣሬ አየቻት፤ ወገቧን ያዘች። ሞከሩት። ማለዳ በመኪና እስከ ኮሶው፤ ከዚያ አጭሯን መንገድ በበቅሎ። ከቀትር በፊት ድንጋዩ ላይ ነበሩ፤ ማንም እንደ ዳክዬ አልሄደም። ሴቶቹ ከሣሩ ዳር ቁጭ ብለው፣ ካሪን ገመድ ላይ ስትወዛወዝ «ያዢ! በግራ እግርሽ!» እያሉ ያስተምሯት ነበር። አንድም ገደል የወጣች የለችም ከመካከላቸው።

ጭዱንም ጭነን ወሰድን። ጥጃዋ በልታለች፤ እግሯ በእንጨት ታስሯል፣ ይድናል አሉ።

ሲመለሱ ግዛቸው መነጽሩን ጠርጎ፣ «ወሰንን እትዬ» አለ። «መኪና ያስፈልጋል ወይ ብለን ነበር የጠየቅነው። ጥያቄያችን ግማሽ ነበር። ያለ መኪና ሁለት ቀን አይበቃንም፤ ያለ በቅሎ ጭራሽ አንደርስም። በየወሩ ሁለታችሁንም እንፈልጋለን። አብራችሁ።»

«አብረን?» አልኩ።

«አብራችሁ» አለ። ልጁ ምንም አልገባውም፤ ምን የሚገባ አለና?

በነገራችን ላይ፣ ጉርሙ ዕድሜውን ሙሉ «ዓይን በሌለው ነገር ላይ አልቀመጥም» ይል ነበር። ዝናብ ስለመጣ በቅሎዎቹን ኮሶው ዘንድ ትቶ ከእኛ ጋር ተመለሰ። ከፊት፣ ከጎኔ። ኮርቻውን ጭኑ ላይ ታቅፎ። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ኮርቻውን ይጨምቀዋል። ሳጉሬ ስንደርስ፣

«ደህና ትነጂያለሽ» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ማክሰኞ ሚያዝያ 5

ጋሽ ኢታና ለፋሲካ እመጣለሁ ብለው በአውቶቡሱ ሰው ልከዋል። አልጋ አዘጋጅተናል ብለዋል። ሥራ ማግኘቴን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ጉርሙ ዛሬ መጣ፣ ቆመ፣ ከካፖርቱ ሥር አንድ ዱላ አወጣ። ወይራ ነው። ቀጥ ያለ፣ የለሰለሰ፤ ምልክት ተቆርጦበታል፤ ሲጠግብ፣ ሲጋመስ፣ ሲርበው። ራሱ ላይ ትንሽ በቅሎ ቀርጿል።

«ለቤንዚኑ ነው» አለ። «አዴ ሀሊሜ ስላሉ።»

«ቤንዚን መለኪያ ላይ በቅሎ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«እንዲያው ሳልፍ ነው» አለና ሄደ።

ሲንቄዬን ከአልጋዬ ራስጌ ሰቀልኳት። የጸሎት ቤት እናቶች ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔ ለጌታ ነግሬዋለሁ፤ አልተቆጣም።

እሁድ ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ

ጋሽ ኢታና መጡ። ሾፌር ይዘው መጡ! ዶሮውን በሉ፣ ድፎውን ቆረሱ፣ አመሰገኑ። ከዚያ «እንግዲህ» አሉ። ነገርኳቸው። ገደል የሚወጡትን ሰዎች፣ የኮሶውን ዛፍ፣ የጭዱን፣ ሁሉንም። ስለ ጉርሙ ግን ብዙም አላወራሁም፤ ስሙን አልፎ አልፎ ነው የጠራሁት።

ሰምተው ሲጨርሱ ወጥተው መኪናውን አዩ። ዶሮ አጡበት። ወንበሩን አነሱ። «መለኪያሽ የት አለ?» አሉ። ወይራውን ሰጠኋቸው። ሰደዱት፣ አወጡት፣ ምልክቱን አዩ፤ ከዚያ ራሱ ላይ ያለችውን ትንሽ በቅሎ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ።

«ይህን ማን ጠረበው?»

«ሰው ነው።»

«ሰው መሆኑንማ አየሁ።»

ወደ ቤት ተመለሱ። ጋቢያቸውን ሊያነሱ ሲሉ መጋረጃው ገለጥ ብሎ ከአልጋዬ ራስጌ ሲንቄዋን አዩ፤ ቅቤ ጠጥታ ታበራለች። ጋሽ ኢታና ሳቃቸውን አያበዙም፤ ዛሬ ግን ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ዲሪባ ቢኖር በእኔ ይስቅ ነበር» አሉ። «አልጋውን እናፈርሰዋለን። መኪናውን እዚሁ ንጂ።» ከበሩ ወጥተው ደግሞ ተመለሱ። «ያ በቅሎ ጫኝ ግን ሽማግሌ የሚልክ እንደሆነ አርቦዬ ድረስ ይላክ። ወገን የሌለሽ እንዳይመስለው።»

«ምን ሽማግሌ?» አልኳቸው። «ስለ ምን?»

ሾፌራቸውን ጠርተው በአውቶቡስ ሄዱ። ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ጠይባ በአጥሩ ስትሰማ ኖሮ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እሷም አልገባትም መሰለኝ።

እነሱ እንደሄዱ ቤንዚኑን በጉርሙ ወይራ ለካሁ። ሙሉ ነው። እራት በልቼ ደግሜ ለካሁ። አሁንም ሙሉ ነው። አሁን ደብተሩን ዘግቼ ልተኛ ስል፣ ልለካ ወጣሁ።

መኪናው ከትናንት ወዲህ ከግቢ አልወጣም።